በደምበል ነፋስ የሚታቀድ ጉዞ፦ ከጅማ በአውቶቡስ ወደ ሐይቅና ወደ ባቡር

ደምበል ሐይቅ፣ ብዙ ሰው ዝዋይ የሚለው፣ ማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር ወዲያ ነፋስ ይነሳበታል። ከጅማ ተነስቶ ጀልባ ለመሳፈርና የባቡሩን ነገር ለማየት የሚያስብ ዕድር፣ ማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት ቡድን ዕቅዱን ከነፋሱ ጀምሮ ወደ ኋላ ይቁጠር። ጀልባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሳት አለበት። እንዲህ ከሆነ ዋዜማውን ሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ ማደር ግድ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ባቱ ደግሞ 160 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ የሚል ሹፌር አይጠፋም፤ ግን ባቱ የሚወርደው እግሩ ያበጠ አዋቂና አልቅሶ የደከመ ሕፃን ነው፣ ማግስቱንም ጀልባ ላይ ሲያንቀላፋ ያረፍዳል። ስለዚህ ጉዞው 4 ቀን ይፈልጋል። «3 ቀን ይበቃናል» የሚል የኮሚቴ አባል ሁሌም አለ። የሚቆረጠው ቀን ግን ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ላይ ነው የሚያርፈው።

መንገዱ በሄዱበት አይመለስም፣ ክብ ነው። መሄጃው በወልቂጤ፣ በወሊሶና በሰበታ አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሞጆ ባቱ። መመለሻው ከባቱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ቡታጅራ፣ በጢያና በመልካ አዋሽ በኩል ዓለም ገና ላይ የጅማን መንገድ ይይዛል። በዚህ መንገድ ሲመለሱ የአዲስ አበባን መጨናነቅ ጭራሽ አያዩትም። ጠቅላላው 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ ዋጋ ሲደራደሩ ያስፈልጋል።

የመነሻው ቀን ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል። የጅማ ቡድን ድብልቅ ነው፤ ሐሙስ ከተነሱ ጁምዓው አዲስ አበባ ላይ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ሐይቅ ይዋላል፣ እሑድ ጠዋት ወሊሶ ላይ ቅዳሴ የሚፈልግ አስቀድሶ ይሳፈራል። ዓርብ ከተነሱ ግን ጁምዓ መንገድ ላይ ይመጣል፣ እሑድም ጀልባ ላይ ይውላል፤ ሁለቱም ወገን ያጉረመርማል። ከወራቱ ደግሞ ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ክረምቱ ላይ በጊቤ ሸለቆ ግራና ቀኝ ናዳ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ጭጋጉም ከባድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ ቡና ያለው ቤተሰብ ሰው አያስለቅቅም። ይህ ለቡድን አስተባባሪ ከአየሩ የበለጠ ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። እስከ 25 ሰው ለሚሆን ቡድን ኮስትር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ትልቁን አውቶቡስ መያዝ ይሻላል እንጂ ሁለት ሚኒባስ አያስቡ። ሁለት መኪና ማለት ሁለት ሹፌር፣ ሁለት የምሳ ቦታ፣ አንዱ ጎማ ሲፈነዳበት ሌላው ሳያውቅ 40 ኪሎ ሜትር የሚቀድምበት ጉዞ ነው። በኮንትራት ስትይዙ ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ናፍጣው በማን ነው፣ የሹፌሩና የረዳቱ አበልና አልጋ በማን ነው፣ የፈጣን መንገድ ክፍያው በማን ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ተተኪ የሚያመጣው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ። ኮስትር እንደ ጭነቱና እንደ ሞተሩ ዕድሜ በ1 ሊትር ናፍጣ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ለ1000 ኪሎ ሜትር ከ145 እስከ 200 ሊትር ማለት ነው። ባለመኪናው 300 ሊትር ብሎ ቢያስላላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። በየከተማው ማደያ ናፍጣ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ታንከሩ ከጅማ ሞልቶ ይነሳ፣ አዲስ አበባ ሲደርስም በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ማታ ይሞላ።

የነፍስ ወከፍ ክፍያውን ስታሰሉ ወንበሩን ሁሉ አትቁጠሩ። 25 ወንበር ካለ ወጪውን ለ20 ሰው አካፍሉ። በመጨረሻው ሳምንት የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ ካልቀረም የተረፈው ገንዘብ ለምሳ ይሆናል። ቀብድ ያልከፈለ ስም ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ይህን ለአጎት ልጅም ቢሆን አታላሉ።

ከመነሳት 2 ቀን በፊት መኪናውን በቀን ብርሃን እዩት። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ቀናቸው አላለፈም? የፊት ጎማዎች ጥርሳቸው እኩል ነው? በአንድ ወገን የተበላ ጎማ ቢኖር አቀማመጡ ተበላሽቷል ማለት ነው። ስኮርታው ንፋስ አለው? ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኪናው ውስጥ ናቸው ወይስ «ጋራዥ ነው ያሉት»? ራዲያተሩ ሥር መሬቱ ረጥቧል? ሹፌሩንም እዩት። ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ጠዋት የሚነዳ ሹፌር እስከ ወልቂጤ ንቁ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሚነዳበት ቀን ካለ ሁለተኛ ሹፌር ጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። 11 ሰዓት ማለት መኪናው የሚንቀሳቀስበት ነው፤ ለሰዉ 10 ሰዓት ተኩል በሉት። ዋዜማውን መናኸሪያ ሄዶ ከአዲስ አበባ የገቡ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ መጠየቅ ከማንኛውም መረጃ ይበልጣል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ኬላ የት እንዳለ፣ የት አስፋልቱ እንደተቆፈረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው መታወቂያውን በኪሱ ይያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ከመሥሪያ ቤት ወይም ከማኅበሩ ማኅተም ጋር በ3 ቅጂ ይዘጋጅ። ኬላ ላይ ዝርዝሩን ሰጥቶ መቆየትና ሰው ሁሉ ወርዶ መታወቂያ ፍለጋ መበርበር የ30 ደቂቃ ልዩነት አላቸው። በጨለማ አትንዱ። ምክንያቱ ጸጥታ ብቻ አይደለም፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ መሐል አስፋልት የተኛ ከብት፣ ተበላሽቶ ያለ ምልክት የቆመ አይሱዙ ሁሉ ማታ ነው የሚገጥሙት።

ከሰኮሩ አልፎ ያለው የጊቤ ሸለቆ የመንገዱ ከባድ ክፍል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሹፌሩ አቀበት የሚወጣበትን ማርሽ ይዞ በሞተር ፍሬን መውረድ አለበት። ፍሬን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጎማ የሚመስል ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም። ሽታው ከመጣ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ የጋለ ጎማ ላይ ውኃ መድፋት ግን የፍሬኑን ድራም ይሰነጥቀዋል። አቀበቱ ላይ ደግሞ የራዲያተር ሙቀት ጠቋሚውን ከፊት የተቀመጠ ሰው ይከታተል። መኪና የሚያስመልሰው ሰው ከፊት ጎማ ኋላ ባለው ወንበር ይቀመጥ፣ ከኋላ ጎማ በላይ አይደለም፤ እዚያ ውዝዋዜው ይብሳል። ፌስታል በእያንዳንዱ ወንበር ኪስ ይደረግ። ቁርስ ቀለል ይበል፣ ጭኮ ይዞ መንገድ ላይ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ባዶ ሆድ ከመሆንም፣ ሰኮሩ ላይ ፍርፍር ከመጥገብም ይሻላል። ወልቂጤ ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት፣ ወሊሶ ላይ ምሳ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሰበታ ትደርሳላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ባቡሩ ሐሳባችሁን ቁረጡ፤ የት እንደምታድሩ በእሱ ይወሰናል።

ብዙ ልጅ «የሚያጨሰውን ባቡር» አያለሁ ብሎ ነው የሚመጣው። እውነቱን ቀድማችሁ ንገሩት፦ በኢትዮጵያ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር የለም። የድሮው መስመር ታሪክ ግን አዲስ አበባ ባለው የድሮ ጣቢያ፣ ለገሃር ላይ በዓይን ይታያል። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ በ1929 ተመረቀ፤ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና በዓል የቆመ፣ ጣልያን ሮም ወስዶት የነበረ፣ በኋላ የተመለሰ ነው። መስመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የእንፋሎቱ ዘመን ያበቃው በ1950ዎቹ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲተኩት ነው።

ለምን ተተካ የሚለውን ለልጆች ስታስረዱ ከውኃ ጀምሩ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሆዱ ትልቅ የብረት ማፍያ ነው። ከኋላ እሳቱ ይነዳል፣ ትኩስ ጭሱ በውኃው መሐል በተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በዙሪያቸው ያለው ውኃ ይፈላል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተራ የአየር ግፊት 1600 እጥፍ ገደማ ቦታ ይፈልጋል፤ ማፍያው ተዘግቶ ስላለ ግፊት ይሆናል፣ ግፊቱ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑን ወዲያ ወዲህ ይገፋል፣ ፒስተኑ በዘንግ መንኮራኩሩን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሥር ይተፋል፤ ሲወጣ ጭሱን ስቦ ይዞት ስለሚሄድ እሳቱ ይራገባል። «ቹፍ ቹፍ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር 4 ጊዜ ይተፋል። እንፋሎቱ ወጥቶ ስለሚቀር ውኃው ያልቃል፣ ስለዚህ በየጣቢያው መሙላት ያስፈልጋል። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው በረሃ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ውኃው ጨዋማ ወይም ኖራ የበዛበት ከሆነ ቱቦው ላይ ቅርፊት ይጋገራል፣ ቅርፊቱ ሙቀት ስለሚከለክል ነዳጅ ይበላል፣ ብረቱም ይቃጠላል። ውኃው ከእሳቱ ሣጥን ጣሪያ በታች ከወረደ ደግሞ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ማፍያው ሊፈነዳ ይችላል። ቀዝቃዛ ሎኮሞቲቭ ለጉዞ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ናፍጣው ሞተሩ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል። ባለሥልጣን ባይወስንም ሒሳቡ ራሱ ይወስን ነበር።

ለገሃርን ለማየት ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ለቡድን ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ አንድ ሰው ቀድሞ ይሂድና የግቢውን መግቢያና ፎቶ ማንሳትን ጨርሶ ይጠብቅ። 25 ሰው በር ላይ አቁሞ መለማመጥ ዘበኛውንም ሰዉንም ያናድዳል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መሐል 1 ሜትር ነው፤ አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። ልጁ ሐዲድ ሲያገኝ ራሱ ይለካው፤ የድሮዎቹ ባቡሮች ለምን በአዲሱ መስመር መሄድ እንደማይችሉ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

መሳፈር የሚፈልግ ቡድን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ይያዝ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረ ነው፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ሁለት ሐዲድ፣ ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው አንድ። ለጅማ ሰው ያለው ትልቁ ጥቅም የመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ ለቡ መሆኑ ነው፤ በጅማ መንገድ መግቢያ በኩል ስለሆነ መሐል ከተማ ሳይገቡ ሰበታ ወይም ዓለም ገና አድረው ማለዳ ጣቢያው ላይ መገኘት ይቻላል። ሰዉ በባቡር አዳማ ይወርዳል፣ አውቶቡሱ ሻንጣውን ጭኖ በፈጣን መንገድ ሄዶ አዳማ ጣቢያ ይጠብቃል። ጣቢያዎቹ ከከተማው ወጣ ስለሚሉ አውቶቡሱ ከሌለ ባጃጅ ልመና ነው። የመንገደኛ ባቡር በፈለጉት ቀን አይገኝም፤ መጀመሪያ የባቡሩን ቀን አረጋግጡ፣ ከዚያ የአውቶቡሱን ውል ፈርሙ፣ ተገላቢጦሹን አታድርጉ። ትኬት በመታወቂያ ስም ስለሆነ ሰው መለዋወጥ ችግር ያመጣል። መብራት ሲቋረጥ ወይም ሐዲድ ላይ ከብት ሲገባ ባቡሩ ይዘገያል፤ 2 ሰዓት ከዘገየ አውቶቡሱ አለና ተሳፍራችሁ ሂዱ። ለገሃርንና ባቡር መሳፈርን በአንድ ጠዋት አትደርቡ፣ አንዱን ምረጡ። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቡድን መሳፈሩ፣ ለትልልቆች ለገሃር ይሻላል ባዮች ነን። (ጅማም በብሔራዊው የባቡር ዕቅድ ውስጥ ስሟ አለ። ሐዲዱ ግን ገና ወረቀት ላይ ነው።)

ከአዲስ አበባ የሚነሱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ቢወጡ በፈጣን መንገድ በሞጆ አድርገው ከ11 ሰዓት በኋላ ባቱ ይገባሉ። ለጅማ ሰው ባቱ ይሞቃል፤ ከፍታው ከጅማ የሚያንሰው ቢበዛ በ150 ሜትር ነው፣ ግን ዝናቡ ጥቂት፣ ፀሐዩ ግልጥ ነው። ወባ አለ። አጎበር የሌለው አልጋ አትያዙ። ጀልባውን የምትነጋገሩት በዚያው ማታ ነው። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ፣ ደርሶ መልስ ከነመቆያው ይሁን፤ ግማሹ ሲነሱ፣ ግማሹ ሲመለሱ ይከፈል። «መቆያው በሰዓት ይጨመራል» የሚለው ክርክር ደሴቱ ላይ ሆኖ አይመችም፣ መመለሻው በእሱ እጅ ነውና።

ሐይቁ ከ400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነፋሱ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ በፍጥነት ይነሳል፣ ትንሽ ጀልባ በአንዱ ላይ ወጥታ ሳትጨርስ ሌላው ይመታታል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ፣ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተጉዞ ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ቢመለስ ከቀትር በፊት ወይም ቀትር ገደማ ወደቡ ላይ ነው። ሰዉ ዘግይቶ 3 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ቱሉ ጉዶን ተዉት፤ ቅርብ የሆኑትን ደብረ ሲናን ወይም ገሊላን አይቶ መመለስ አያሳፍርም።

ከመሳፈር በፊት፦ ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ አለ? ማሰሪያው ይዘጋል? ለልጅ የሚሆነው ትንሽ አለ? የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውኃ ውስጥ ቢገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ሾልኮ ይወርዳል። ቤንዚኑ ለመልሱም የሚበቃ መሆኑን በጄሪካኑ እዩ እንጂ በቃል አትመኑ። ተጨማሪ ካንዴላና መቅዘፊያ ይኑር። እንቦጭና ሣር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጀልባው አይሄድም፤ ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ብድግ አድርጎ ማጽዳት ነው፣ ጋዝ መጨመር ሞተሩን ያቃጥላል። ቡድኑ ከአንድ ጀልባ በላይ ከሆነ ሁለቱ እየተያዩ ይሂዱ፣ አንዱ ቢቆም ሌላው ይጎትተዋል። ከባድ ሰው መሐል፣ ማንም ፎቶ ለማንሳት አይቁም። ጉማሬ ሲታይ ነጂው እንዲጠጋ አትገፋፉት። የፈራ ጉማሬ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ውኃ ነው፣ በእሱና በጥልቁ መሐል የገባ ጀልባ መንገዱን ዘጋበት ማለት ነው። ዳር ላይ እግር መንከርም ይቅር፣ ቢልሃርዚያ አለበት።

ቱሉ ጉዶ ላይ ያለችው የማርያም ጽዮን ገዳም ናት። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ እዚህ ተሸሽጋ እንደነበር በትውፊት ይነገራል፤ በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሕዝብ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ዳገቱ ፀሐይ ሳይበረታ ይወጣ። ነጠላ፣ የሚወልቅ ጫማ፣ ለገዳሙ የሚሰጥ ዝርዝር ብር ያዙ። ውኃ በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር።

ምሳው ባቱ ወደብ አካባቢ ዓሣ ይሁን። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ እያሉ ሁለት ምግብ ቤት ከመፈለግ ቡድኑን አንድ ገበታ ላይ የሚያስቀምጠው ዓሣ ነው። ቆሮሶው ጥብስ፣ አምባዛው ጉላሽ ቢሆን ይጣፍጣል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ስላለ ከጅማ ሳትነሱ ጠይቃችሁ ሽሮውን ለብቻ እዘዙ። ትእዛዙ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠዋት ይሰጥ፤ ለ25 ሰው ዓሣ ተቀምጦ ማዘዝ የ2 ሰዓት ጥበቃ ነው። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ይለምናሉ፤ ልጆች በእጃቸው አይስጡ፣ መንቆሩ ቀላል አይደለም።

ከባቱ 7 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ በቡታጅራ አድርጋችሁ ጢያን ማየት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ብዙም አይርቁም፣ 40 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ከ8 ሰዓት በኋላ ከወጣችሁ ግን እለፏቸው፣ ወሊሶ ሳይጨልም መግባት ይቀድማል።

4 ቀን ፈጽሞ የማያገኝ ቡድን ከወሊሶ ወደ ወንጪ ቢታጠፍ 2 ቀን ይበቃዋል። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፣ ጀልባውም ወደ ደሴቱ ገዳም የሚያሻግር አጭር ጉዞ ነው። ባቡር የለም፣ ብርዱ ግን አለ፤ ጃኬት ያዙ።

እሑድ ከወሊሶ 3 ሰዓት ላይ ተነስቶ በቀን ብርሃን ጅማ መግባት ይቻላል። የአውቶቡሱ ቀሪ ክፍያ የሚሰጠው ሻንጣ ሁሉ ወርዶ፣ ወንበር ሥር ታይቶ፣ የመጨረሻው ሰው ባጃጅ ከያዘ በኋላ ነው።